ዶሮቲያ ላንግና ስሟን ያልጠየቀቻት እናት

የማያውቁትን ሰው ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ነገር ይመስላል። መሣሪያውን ወደ ሰውዬው አቅንቶ መጫን ብቻ ነውና፣ በዛሬው ጊዜ ስልክ የያዘ ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል። ነገር ግን በአንድ መንደር ወይም በአንድ ገበያ ቆሞ የሞከረ ሰው እንደሚያውቀው፣ መሣሪያው ገና ብቅ ሲል የሰው ፊት ወዲያው ይለወጣል። አንዱ ፊቱን ያዞራል፣ አንዷ በነጠላዋ ትሸፈናለች፣ ሌላው ደግሞ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከአንድ ደቂቃ በፊት ያየነውና ልናነሣው የፈለግነው ሰው የለም። ይህን ችግር ያልቀመሰ ፎቶግራፍ አንሺ አይገኝም፤ የአሜሪካዊቷን የዶሮቲያ ላንግን ያህል ግን በትዕግሥት ያሰበበትና መፍትሔውን ከገዛ ሕይወቱ ያወጣ ጥቂት ነው። የዚህችን ሴት ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደናል። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዶሮቲያ የተወለደችው በሜይ 26 ቀን 1895 ከኒውዮርክ ወንዝ ማዶ በምትገኘው በሆቦከን ከተማ ነው። አባቷ ጠበቃ ነበር፤ አባትና እናቷ ሁለቱም ከጀርመን ፈልሰው ከመጡ ቤተሰቦች የተወለዱ ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሆናት የልጅነት ልምሻ ያዛት። የዚህ በሽታ መከላከያ ክትባት የተገኘው ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ነውና፣ በዚያን ጊዜ ከታመሙት ልጆች አንዳንዶቹ ይሞታሉ፣ አንዳንዶቹም አካላቸው ጎድሎ ይቀራል። ዶሮቲያ ከሞት ተረፈች፤ ቀኝ እግሯ ግን ደከመና ዕድሜዋን ሙሉ እያነከሰች ኖረች። የሰፈር ልጆች ያፌዙባት ነበር። ከልጆቹ ፌዝ ይልቅ የከነከናት ግን የእናቷ ነገር ነው፤ ይኸውም በመንገድ ላይ የሚያውቁት ሰው ሲመጣ፣ እናትዮዋ ልጅቱ በተቻላት መጠን አስተካክላ እንድትራመድ ቀስ ብላ ትነግራት ነበር። ዶሮቲያ ይህን ነገር ካረጀች በኋላ እንኳ አልዘነጋችውም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አባቷ ቤቱን ጥሎ ሄደ። እርሷም ኋላ የአባቷን ስም ጨርሳ ተወችውና በእናቷ ቤተሰብ ስም ላንግ ተባለች። እናቷ ልጆቿን ለማሳደግ በኒውዮርክ፣ የድሀ ስደተኞች መኖሪያ በሆነ ሰፈር፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ያዘች። ዶሮቲያም በየማለዳው ከእናቷ ጋር በመሻገሪያ መርከብ ወንዙን እያለፈች በዚያው ሰፈር ትማር ጀመር። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ የአይሁድ ልጆች ስለነበሩ፣ እርሷ በመካከላቸው ባዕድ ነበረች። ከትምህርት በኋላ እናቷን እየጠበቀች በመስኮት በኩል በተጨናነቁት ቤቶች ውስጥ ሰዎች ሲበሉ፣ ሲጣሉ፣ ልጅ ሲያጥቡ ትመለከት ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ እናቷ እስከ ማታ ስለምትሠራ፣ ባወሪ በሚባለው ጎዳና ብቻዋን ወደ መርከቡ ትመለሳለች። በዚያ ጎዳና ሰካራሞች በየመንገዱ ዳር ወድቀው ይገኙ ነበር። ልጅቱ ከፍርሃቷ የተነሣ አንድ ዘዴ ተማረች። ፊቷን ምንም ነገር የማይነበብበት አድርጋ፣ የማንንም ዓይን ሳትስብ፣ እንደ ጥላ ማለፍን ለመደች። ይህን ዘዴ ኋላ በሥራዋ ላይ እንደተጠቀመችበት ራሷ መስክራለች። ስለዚህ ገና በልጅነቷ ሁለት እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ነገሮች ነበሯት ማለት ነው። እግሯ ሰው ሁሉ እንዲያያት ያደርጋል፤ ፊቷ ደግሞ ማንም እንዳያያት ያደርጋል።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን እንደጨረሰች ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን መወሰኗን ለቤተሰቧ አስታወቀች። የሚያስገርመው፣ በዚያን ጊዜ ካሜራ አልነበራትም፤ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አንሥታ አታውቅም ነበር። እናቷ አስተማሪ እንድትሆን ብትፈልግም አልሰማቻትም። በኒውዮርክ በታወቀው በአርኖልድ ጌንት የፎቶግራፍ ቤት ተቀጥራ የሀብታሞችን ምስል ማንሣትና ማስተካከል ተማረች፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ክላረንስ ኋይት የሚባለውን መምህር ትምህርት ተከታተለች። አንድ ዘዋሪ ፎቶግራፍ አንሺም በጓሯቸው የነበረውን የዶሮ ቤት ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አድርጎላት ነበር።

በ1918 ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ዓለምን ለመዞር ተነሡ። ሳን ፍራንሲስኮ እንደደረሱ ግን ሌባ ገንዘባቸውን ወሰደባቸው፤ ጉዞውም በዚያው አበቃ። ዶሮቲያ በማግሥቱ ሥራ ፈልጋ በአንድ መደብር ውስጥ የደንበኞችን ፊልም የምትቀበል ሠራተኛ ሆነች። በዚህ ዓይነት በሌባ ምክንያት የገባችባት ከተማ ለብዙ ዓመታት መኖሪያዋ ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት የራሷን የፎቶግራፍ ቤት ከፈተች። በዚህ ቤት ጥቁር ከፋይ የለበሰ ረጅም መቀመጫና የሩስያ የሻይ ማፍያ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሻይ እየተጠጣ ወግ ይወጋ ነበር። ደንበኞቿ የከተማይቱ ባለጠጎች ነበሩ። እነዚህን ሰዎች አስቀምጦ፣ ሻይ አጠጥቶ፣ ስለ ልጆቻቸው አስወርቶ፣ ፊታቸው ሲፈታ ማንሣት የሥራዋ ልማድ ሆነ። ይሁን እንጂ እነዚህ ፈልገውና ከፍለው የሚመጡ ናቸው። ሳይፈልግና ሳይጠራት ከሚያገኛት ሰው ጋር መገናኘቱ ገና ወደ ፊት የሚመጣ ፈተና ነበር። በ1920 ሜናርድ ዲክሰን የሚባለውን ሠዓሊ አግብታ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች።

በ1929 በአሜሪካ የደረሰው የኢኮኖሚ ውድቀት ብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ሥራ አሳጣ። ባለጠጎቹም ፎቶግራፍ መነሣት ቀነሱ። ዶሮቲያ በፎቶግራፍ ቤቷ መስኮት ቆማ ሥራ አጥ ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ ከመንገዱ ማዕዘን ደርሰው ሲቆሙ ታይ ነበር። በ1933 አንድ ቀን ካሜራዋን ይዛ ከደረጃው ወረደች። በአቅራቢያው አንዲት ደግ ሴት ለሥራ አጦች ምግብ የምታድልበት ስፍራ ነበርና ወደዚያ ሄደች። ለደኅንነቷ የሠጋው ወንድሟ አብሯት ነበረ። በዚያም የተጨማደደ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሽማግሌ፣ ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ፣ ክንዶቹን በእንጨት አጥር ላይ አስደግፎ፣ የቆርቆሮ ኩባያውን በክንዶቹ መካከል አድርጎ ቆሞ አየችና አነሣችው። ሰውዬው አላያትም። የባወሪው ዘዴ እዚህ ላይ ሠራ ማለት ይቻላል። ሥዕሉን በቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ ደንበኞቿ ምን ልታደርግበት እንደሆነ ሲጠይቋት መልስ አልነበራትም።

መልሱን ያመጣላት ፖል ቴይለር የሚባል በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ መምህር ነው። ቴይለር የእርሻ ሠራተኞችን ኑሮ የሚመረምር ሰው ሲሆን፣ ከሜክሲኮ የመጡትን በቋንቋቸው በስፓኒሽ ያነጋግራቸው ነበር። በ1934 የዶሮቲያን ፎቶግራፎች በአንድ ትርኢት ላይ አይቶ ለሥራው እንደሚያስፈልጉት ተረዳ። በሚቀጥለው ዓመት ለካሊፎርኒያ መንግሥት የእርዳታ መሥሪያ ቤት ጥናት ሲያዘጋጅ እንድትቀጠር ጠየቀ። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ በጀት ለፎቶግራፍ አንሺ የሚሆን አርእስት አልነበረውም። ስለዚህ በደመወዝ መዝገቡ ላይ ጸሐፊ ተብላ ተመዘገበች። በመሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ አንባቢዎቻችን በዚህ ነገር እንደማይደነቁ እንገምታለን። ጥናቱና ፎቶግራፎቹ አንድ ላይ ቀርበው፣ በመንገድ ዳር በካርቶንና በቅርንጫፍ ጎጆ ይኖሩ ለነበሩት ተንከራታች ሠራተኞች በሜሪስቪልና በአርቪን ንጹሕ ሰፈር እንዲሠራ ምክንያት ሆኑ። በዚያው በ1935 ዶሮቲያ ከዲክሰን ተፋታ ቴይለርን አገባች። ወዲያውም በዋሽንግተን የፌዴራል መንግሥቱ የገበሬዎችን ችግር እንዲያስታግሥ ያቋቋመው መሥሪያ ቤት ቀጠራት። አለቃዋ ሮይ ስትራይከር የሚባል ሰው ነበር፤ እርሷ ግን ቢሮዋ መንገድ ላይ ነበረ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ዶሮቲያ የማታውቃቸውን ሰዎች እንዴት ትቀርባቸው ነበር?

በመጀመሪያ መሣሪያዋን እንመልከት። ብዙ ጊዜ የምትይዘው ግራፍሌክስ የሚባል ትልቅና ከባድ ካሜራ ነበር። ፊልሙ አንድ በአንድ የሚገባ፣ ወርዱ ባለ አራት ቁመቱ ባለ አምስት ኢንች ነው። አንሺው ካሜራውን ከወገቡ ከፍ አድርጎ ይይዝና ከላይ አጎንብሶ ወደ ውስጥ ይመለከታል። በኪስ የሚደበቅ፣ ተሰርቆ የሚነሣበት ነገር አይደለም። ስለዚህ ወደ አንድ ድንኳን ስትመጣ ከሩቅ ትታያለች፤ እያነከሰች ስትመጣ ደግሞ ይበልጥ ትታያለች። ያ እናቷ እንድትሸሽገው ትነግራት የነበረው እግር እዚህ ሌላ ነገር ሆነ። በአቧራ ማዕበልና በዕዳ ከመሬታቸው ተነቅለው የመጡት ሰዎች፣ ከመንግሥት መኪና የሚወርድ ሰው ሲያዩ ልባቸው ይዘጋ ነበር። ይህች ግን እንደ እነርሱ የጎደላት ነገር ያለባት ሴት ናት፤ ወደ እነርሱ ለመድረስም እንደምትደክም በዓይናቸው ያያሉ። ዶሮቲያ በሽምግልናዋ ጊዜ ስለ ሕይወቷ ስትናገር፣ ያ እግር እንደቀረጻት፣ እንዳስተማራት፣ እንደረዳትም እንዳዋረዳትም ገልጻለች። ሰዎች ሙሉ አካል ካለው ሰው ይልቅ ለእርሷ ቶሎ ልባቸውን ይከፍቱላት እንደነበር ታምን ነበር።

ሁለተኛው ነገር አለመቸኮል ነው። የሚነዳላት ወጣት ረዳት ሲኖር መኪናውን በዝግታ እንዲነዳ ታዝዘው ነበር። ከደረሰችም በኋላ ካሜራውን አንሥታ አትጀምርም። ማን እንደሆነች፣ ማን እንደላካት፣ ሥዕሉ ለምን እንደሚፈለግ ትናገራለች። ስለ ራሷ ልጆች ታወራለች። መሬት ላይ ትቀመጣለች። ልጆቹ በቆሸሸ ጣታቸው ካሜራውን ሲነካኩ፣ የመስተዋቱን ዓይን ሲዳብሱ ዝም ትላለች። ሌላው ፎቶግራፍ አንሺ በዚህ ይቆጣ ነበር፤ እርሷ ግን ልጅ የነካውን ነገር እናት እንደማትፈራው ታውቃለች።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የማረከን የውሃው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠጣ ውሃ እንዲሰጧት ትለምንና፣ ውሃው ሲመጣላት በጣም ቀስ እያለች ትጠጣው ነበር። በእኛ አገር ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ ውሃ የለመነ መንገደኛ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ያውቀዋል። ውሃ የሚለምን ሰው ከደጃፉ አይባረርም፤ ውሃውን የሰጠው ሰው ደግሞ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የቤቱ ጌታ፣ ለማኙም የእርሱ እንግዳ ነው። በሰው ድንኳን ፊት የቆመችው የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ኩባያ ውሃ ከሰጪነት ወደ ተቀባይነት ወረደች ማለት ነው። ምንም የሌለው ድሀ እንኳ የሚሰጠው ነገር አገኘ። ከአንባቢዎቻችን መካከል በሥራ ምክንያት ወደ ገጠር የሚወጡ ወጣቶች ይኖራሉ። ከመኪና ወርዶ፣ ወረቀት ዘርግቶ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ የቤተሰብ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ምን ዓይነት መልስ እንደሚያገኝ እነርሱ ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

ሦስተኛው የባሏ ትምህርት ነው። ቴይለር አብሯት ሲሆን ሰዎቹን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰብሉ፣ ከየት እንደመጡና በቀን ስንት እንደሚከፈላቸው እያጫወተ ይጽፍ ነበር፤ እርሷ በዚያ መካከል ታነሣለች። ከእርሱ የሰውን ቃል መያዝ ተማረች። ብቻዋን ስትሆንም ጨዋታው እንዳለቀ እያነከሰች ወደ መኪናዋ ትመለስና የሰማችውን ሳትረሳው በማስታወሻዋ ትጽፈዋለች። ከሥዕሎቿ ሥር የምናገኘው የገበሬዎቹ አነጋገር እንዲህ የተሰበሰበ ነው። ነገር ግን የሰዎቹን ስም በአብዛኛው አትጽፍም ነበር። የመሥሪያ ቤቱም ልማድ ይኸው ነው፤ ሥዕሎቹ የአንድን ሰው ሳይሆን የብዙዎችን ችግር እንዲያሳዩ ይፈለግ ነበርና።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት በማርች ወር 1936 ያደረገችው ነገር ስለዚህ ያስደንቃል።

ለአንድ ወር ያህል ብቻዋን በካሊፎርኒያ ስትዞር ቆይታ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነበር። ዝናብ ይዘንባል፤ ደክሟታል፤ ልጆቿ ይጠብቋታል። ኒፖሞ በምትባል ስፍራ አጠገብ የአተር ለቃሚዎች ሰፈርን የሚያመለክት ሰሌዳ አይታ አለፈች። በቂ ፎቶግራፍ አንሥቻለሁ ብላ ከራሷ ጋር እየተከራከረች ሃያ ማይል ያህል ከሄደች በኋላ መኪናዋን አዙራ ተመለሰች። ውርጭ አተሩን ስላጠፋው ለቃሚዎቹ ያለ ሥራና ያለ ምግብ በጭቃ ውስጥ ቀርተው ነበር። በአንድ የተቀደደ ድንኳን ሥር ልጆቿን ይዛ የተቀመጠች ሴት አየችና፣ ማግኔት እንደሳባት ብረት በቀጥታ ወደ እርሷ ሄደች። ከሩቅ ጀምራ በእያንዳንዱ ሥዕል እየቀረበች ጥቂት ፎቶግራፍ አነሣች። በመጨረሻው ሥዕል ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው በእናታቸው ትከሻ ላይ ተደግፈዋል፤ ሕፃን በእቅፏ ተኝቷል፤ ሴትዮዋ እጅዋን ወደ ጉንጭዋ አድርጋ ሩቅ ትመለከታለች። ነገሩ ሁሉ አሥር ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። ዶሮቲያ የሴትዮዋ ዕድሜ ሠላሳ ሁለት መሆኑን ከአፏ ሰማች። ስሟን አልጠየቀችም፤ ታሪኳንም አልጠየቀችም። ውሃም አልተጠጣም። ወደ ሌሎቹ ድንኳኖች እንኳ ሳትሄድ መኪናዋን አስነሥታ ሄደች።

ወዲያው ሥዕሎቹን አጥባ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ወሰደቻቸው። ጋዜጣው በሰፈሩ የሚራቡ ሰዎች መኖራቸውን ሲያወጣ መንግሥት 20,000 ፓውንድ፣ ማለትም 9,000 ኪሎ ያህል ምግብ ወደ ኒፖሞ ላከ። ብዙ ሰው ተረፈበት። ያች ሴትና ልጆቿ ግን ምግቡ ከመድረሱ በፊት ከዚያ ሄደው ነበር። ሥዕሉ በየጋዜጣው፣ በየመጽሐፉ፣ በየትርኢቱ ታየ። ከዚያ ዘመን የአሜሪካ ፎቶግራፎች ሁሉ እንደ እርሱ የታወቀ የለም።

ዶሮቲያ በዚህ ሥዕል አልከበረችም። ፊልሙ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ እርሷ ከደመወዟ በቀር አላገኘችም። ሥራዋንም በዚያው በቀድሞው በዝግታው መንገድ ቀጠለች። በ1939 ከባሏ ጋር ስለ ገበሬዎቹ ስደት አንድ መጽሐፍ አሳተመች፤ በዚህ መጽሐፍ ከሥዕሎቹ ጋር የሰዎቹ የራሳቸው ቃል እንዲታተም በጥብቅ ተጠንቅቃ ነበር።

በ1942 የመጣው ሥራ ከሁሉ የከበደ ነው። ጃፓን በፐርል ሃርበር ላይ አደጋ ከጣለች በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በምዕራቡ ጠረፍ የሚኖሩትን ከ110,000 በላይ የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው አንሥቶ በሽቦ በታጠረ ሰፈር አጎራቸው። ከእነዚህ መካከል ሁለት ሦስተኛው በአሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ይህ ሲሆን ፎቶግራፍ እንድታነሣ የተቀጠረችው ዶሮቲያ ናት። እንግዲህ ከአተር ለቃሚዎች ዘንድ ስትሄድ የምትነግራቸው ነገር ነበራት፤ መንግሥት ችግራችሁን እንዲያውቅ ነው የመጣሁት ትላቸዋለች። ለእነዚህ ሰዎች ግን ያሠራቸው ያው የላካት መንግሥት ነው። እርሷ በውሳኔው እጅግ ታዝን ነበር። ከመወሰዳቸው በፊት ወደ ቤታቸውና ወደ እርሻቸው ሄደች፤ ሻንጣቸውን ሲያሥሩ፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በልጆቻቸው ደረት ላይ ሲያንጠለጥሉ አነሣች። በማንዛናር ሰፈር አያት የልጅ ልጁን አዝሎ አነሣች። የሽቦውን አጥርና የጠባቂዎቹን ማማ እንዳታነሣ ተከልክላ ነበር፤ ወታደሮችም ይከታተሏት ነበር። ጦር ሠራዊቱ ሥዕሎቹን ባየ ጊዜ አልወደዳቸውም፤ ያዛቸው። አብዛኞቹ እርሷ እስክትሞት ድረስ በሕዝብ ፊት አልቀረቡም፤ ብዙዎቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው የወጡት በ2006 ነው። ከእነዚህ ሥዕሎች በአንዱም ውስጥ የሚታየው ሰው ተዋርዶ አይታይም። እኛ እንደሚመስለን ከኒፖሞው ሥዕል ይልቅ የሙያዋን ትልቅነት የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ የጨጓራ ሕመም ለብዙ ዓመታት አደከማት። በ1954 ከልጇ ከዳንኤል ጋር ወደ አየርላንድ ሄዳ የገጠሩን ሕዝብ አነሣች፤ ባሏም ለሥራ ሲዘዋወር ወደ እስያ አገሮችና ወደ ግብፅ ተከተለችው። በ1957 በሳን ፍራንሲስኮ ስታስተምር ለተማሪዎቿ አንድ ሥራ ሰጠቻቸው፤ እያንዳንዱ የሚኖርበትን ስፍራ በፎቶግራፍ እንዲያሳይ ነው። ተማሪዎቹም እርሷ የራሷን እንድታመጣ ጠየቋት። ዶሮቲያ የቤቷን ወይም የመንገዷን ሥዕል አላመጣችም። ያመጣችው የገዛ እግሯን፣ ያን የተጣመመውን ቀኝ እግር ሥዕል ነው።

በ1964 የጉሮሮ ቧንቧ ነቀርሳ እንደያዛት ሐኪሞች ነገሯት። በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሕይወቷን ሥራ የሚያሳይ ትልቅ ትርኢት ሊያዘጋጅላት ስለነበር፣ የቀራትን ጊዜ ሥዕሎቿን በመምረጥ አሳለፈችው። ኦክቶበር 11 ቀን 1965 በሰባ ዓመቷ ሞተች፤ ትርኢቱ በጃንዋሪ 1966 ተከፈተ። የኒፖሞዋም እናት በዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ነበር። ዶሮቲያ ስሟን ሳታውቅ ሞተች።

ስሟ ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን ነበር። በ1978 አንድ የጋዜጣ ሰው በካሊፎርኒያ በሞዴስቶ ከተማ አግኝቷት ታሪኳን ተናገረች። በ1903 በኦክላሆማ የተወለደች፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆነው ከቼሮኪ ወገን ነበረች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በጥጥና በአትክልት ለቀማ ያሳደገች ብርቱ ሴት ናት። በዚያን ዕለት ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሲሄዱ መኪናቸው ተሰብሮ፣ አብሯት የነበረው ሰው ከወንዶቹ ልጆች ጋር መለዋወጫውን ሊያሠራ ወደ ከተማ ሄዶ ነበር፤ እርሷም እስኪመለሱ ድረስ በመንገዱ ዳር ድንኳን ተክላ ትጠብቃለች። ዶሮቲያ በ1960 ስለዚያ ቀን በጻፈችው ጽሑፍ፣ ሴትዮዋ የመኪናዋን ጎማ ሸጣ ምግብ እንደገዛች ተናግራ ነበር። ቤተሰቡ ይህን አጥብቆ ይክዳል፤ ከአንዱ መኪናቸው ጎማ በቀር ጎማ አልነበራቸውም፣ በዚያችም መኪና ነው ከዚያ የሄዱት። ምናልባት ዶሮቲያ የሌላ ሰው ታሪክ ከዚህኛው ጋር ተቀላቅሎባት ይሆናል። በማስታወሻዋ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አይቀላቀልም ነበር።

ፍሎረንስ ሥዕሉን አትወደውም ነበር። ፊቷ በመላው ዓለም ሲዞር አንድ ሳንቲም አለማግኘቷንና ማንም ሳይጠይቃት የድህነት ምልክት መደረጓን በምሬት ተናገረች። ልጆቿም በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ እናታቸውን እያዩ ያፍሩ ነበር። በ1983 በጠና ስትታመም ልጆቿ የሕክምናውን ወጪ መሸፈን አቅቷቸው ለሕዝብ አቤቱታ አሰሙ። ከየአገሩ ደብዳቤና ገንዘብ ይጎርፍ ጀመር፤ 35,000 ዶላር ያህል ተሰበሰበ። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ያ ሥዕል በልጅነታቸው ምን እንዳደረገላቸው የሚገልጹ ነበሩ፤ ልጆቿም ያን ጊዜ ሥዕሉን በሌላ ዓይን ማየት እንደጀመሩ ተናግረዋል። ፍሎረንስ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሞተች። በ1998 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሥዕሉን በ32 ሳንቲም ቴምብር ላይ አተመው።

ፊልሙ እስከ ዛሬ ድረስ በዋሽንግተን በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ቅጂውን መውሰድ ይችላል። ከሥሩ ዶሮቲያ የጻፈችው ማስታወሻ አለ። ሥፍራው ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ መሆኑን፣ ሰዎቹ ችግረኛ አተር ለቃሚዎች መሆናቸውን፣ ሴትዮዋ የሰባት ልጆች እናት መሆኗን፣ ዕድሜዋም ሠላሳ ሁለት መሆኑን ይናገራል።